ለአባቴ የተንቀሳቀሰው እግር

ይህን ነገር አርባ ዓመት ደብቄዋለሁ። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

አባቴ ፊታውራሪ ጓንጉል ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻዋ መጥታ በቀርከሃ አሰረችላቸውና፣ «አጥንቱ ይገጥማል። ዝም ብለው ተኝተው ከከረሙ ግን ሥጋው ይመነምናል። ጠዋት ማታ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ጭንዎንም ጠበቅ ለቀቅ ያድርጉ» አለቻቸው።

አባቴ በራሳቸው የሚሠሩት ነገር አልነበረም። ጾማቸውን እንኳ የሚጾሙላቸው የንስሐ አባታቸው ነበሩ። ስለዚህ አሽከራቸውን ገሠሠን ጠርተው ወጌሻዋ ያዘዘችውን በእሳቸው ፈንታ እንዲሠራ አዘዙት። ገሠሠም ሁለት ወር ሙሉ አልጋቸው አጠገብ ተጋድሞ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ፣ ጭኑን ጠበቅ ለቀቅ ሲያደርግ ከረመ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ጡንቻ የተማርሁት ልጃቸው ይህን ሁሉ እያየሁ «እንዲህ አይሆንም» ለማለት አፈርሁ።

ማሰሪያው ሲፈታ የአባቴ እግር እንደ መቃ ቀጥኖ ተገኘ፤ መቆምም አቃታቸው። ወጌሻዋን አስጠርተው፣

«አንቺ ቀጣፊ፣ ያዘዝሽው አንድም ቀን ሳይጓደል በገሠሠ ተሠርቷል። እግሬ ግን ይኸው ነው። ሃያ ጅራፍ ትገረፊያለሽ» አሏት።

ወጌሻዋ የገሠሠን የፈረጠመ እግር አየት አደረገችና እጅ ነሣች።

«ልገረፍ ጌታዬ። ግን በቤትዎ ሥርዓት ይሁንልኝ፤ ገሠሠ ይገረፍልኝ። እሱ ተገርፎ የእኔ ጀርባ ከቆሰለ፣ እርስዎም ነገ ተነሥተው ይሄዳሉ።»

 አባቴም ማንንም ሳይጠሩ የእግራቸውን ጣት አንቀሳቀሱ።