ከቤት ቤት የሚዞረው የጓንጉል ቃሬዛ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙ። የመኪና መንገዱ ሳይወጣ፣ የወይራ ገደል ሰው ገና እሳት እየተጫጫረ በሚኖርበት ዘመን፣ ጓንጉል የሚባል እንጨት ጠራቢ ነበር።

ጓንጉል ዘማች ነበር። ክተት ሲታወጅ ጢሙ ሳያቀመቅም ሄደ፤ ሰባት ዓመት ቆይቶ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ተመለሰ። ሌላው ዘማች በየሠርጉ ፎከረ፣ ሸለለ። ጓንጉል አልፎከረም፣ አልሸለለም። ሞፈርና ቀንበር ጠረበ፣ በርጩማና አልጋ ሠራ። አገሩ መቼ ዝም ይላል፤ ጋሻ ይዞ ሄዶ መሮ ይዞ ገባ አለው። ሰምቶ መጥረቡን ቀጠለ። ደክሞት ነበር፤ ድካሙም እንቅልፍ የሚያወጣው ዓይነት አልነበረም።

ሚስቱ ሞታ አንዲት ልጅ ቀረችው፣ አንጓች የምትባል። እሷን ለወግ ለማዕረግ አድርሶ ማረፍ ነበር ሐሳቡ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

በዚያ ዘመን ቃሬዛ የሚቆረጠው ሰው ሲታመም ነው። ወንዶቹ ጫካ ገብተው ሁለት እንጨት ይቆርጣሉ፣ ጋቢ ይወጥሩበታል፣ ሲመለሱ እዚያው ገደል አፋፍ ጥለውት ይገባሉ። በሽተኛ ሳይኖር ቃሬዛ ቤት ማስቀመጥ ሞትን ና ብሎ መጥራት ነው ይባል ነበር። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ይኸንኑ እል ነበር።

አንድ ክረምት ምጥ የጠናባት ሴት ይዘው ሲወርዱ እርጥቡ እንጨት ቁልቁለቱ ላይ ተሰበረ። ሴትዮዋ ከነጽንሷ ቀረች። ጓንጉል አንዱን ጫፍ ይዞ ነበር። ቤቱ ገባ፣ እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ የደረቀ ዋንዛ አወጣና መጥረብ ጀመረ። በጠፍር ወጠረው። ትከሻ የሚያርፍበትን በበግ ለምድ ሸፈነው። ተሸካሚ ሲደክመው በሽተኛው መሬት ሳይነካ የሚያርፍበት አራት አጭር እግር ሠራለት።

ጎረቤቱ እትዬ የሻረግ በአጥር አየችው። ዓይኗ የማያየው፣ ምላሷ የማያደርሰው የለም።

"አያ ጓንጉል፣ ማን ታሞብህ ነው?"

"ማንም።"

"ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቀው?"

"የሚታመመውን።"

እሷ ወንዝ ሳትወርድ ወሬዋ ወረደ። ከዚያ በኋላ ላም ሞተች፤ የጓንጉል ቃሬዛ ነው ተባለ። በረዶ ጤፉን መታ፤ የጓንጉል ቃሬዛ ነው ተባለ። አንድ ሽማግሌ በዘጠና ዓመቱ በእንቅልፉ አረፈ፤ ያም የጓንጉል ቃሬዛ ነው ተባለ። በርጩማ ያዘዘ ሰው ሁሉ መምጣቱን ተወ። ጓንጉል ቃሬዛውን ጣራው ሥር ሰቀለው።

ያ አንደኛው ፈተናው ነው። ሁለተኛው ባሰ።

አንጓች ታጭታ ነበር። የአካባቢው ባለርስት ግራዝማች አስረስ ለልጁ ጠይቋት፣ ሠርጉ ከፋሲካ ማግሥት ተቆርጦ ነበር። ወሬው ሲደርሰው ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹም መጥተው፣ ወይ ቃሬዛው ይቃጠል፣ ወይ ልጅቱ ትቅር፣ ሞት ከተሰቀለበት ቤት ሙሽራ አናወጣም አሉ።

ጓንጉል ቃሬዛውን አወረደ። መጥረቢያውን አነሳ፣ መልሶ አወረደው። ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ አወረደው። አንጓች በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

"ለማያውቁት በሽተኛ ይህን ያህል፣ አባባ? እኔስ የማን ልጅ ነኝ?"

ያኔ ለማንም ያልነገረውን ነገራት። በዘመቻው ጓደኛው ጭኑን ተመታ። በጦር ዘንግ ላይ ጋቢ አስረው ሁለት ቀን ተሸከሙት። በሦስተኛው ቀን ጋቢው ተቀደደ፤ ሌላ የሚወጠር አልነበራቸውም። ዛፍ ሥር አስቀመጡት፣ እንመለሳለን አሉት።

"አልተመለስንም" አላት ጓንጉል።

አንጓች መጥረቢያውን ከእጁ ወስዳ ቦታው መለሰችው። ሳምንት ሙሉ ግን አላነጋገረችውም። እውነቱን እንነጋገር፤ የተቆረጠ ሠርግ የፈረሰባት ልጅ ምን ታውራ? የግራዝማች ልጅ በዚያው ግንቦት ሌላ አገባ። አንጓችን ሌላ ሰው አልጠየቃትም። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ጓንጉል ልጁ ውኃ ቀድታ ስትገባ ባየ ቁጥር ጎበጥ ይል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ግራዝማች አስረስ ከበቅሎ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ወጌሻው ከገደሉ ማዶ፣ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ቤተሰቡ እንደ ልማዱ እንጨት ቆርጠው ጋቢ ወጥረው አነሱት፤ ጋቢው ረገበና አጥንቱ ተላወሰ። አንድ እርሻ ሳይሻገሩ ሰውየው ራሱን ሳተ። መሬት ላይ አስቀምጠው ተያዩ። ከዚያ ልጁ፣ አንጓችን የተዋት ያው ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ ጓንጉል በር ላይ ቆመ።

ጓንጉል ቃሬዛውን አወረደ፣ ትከሻውን አስገባ። በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቱ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ዳገቱን ወጣ። ትከሻ ለውጥ አሉት፣ አልለወጠም። ለውጥ አሉት፣ አልለወጠም። ወጌሻው ደጅ ሲደርሱ የግራዝማች እስትንፋሱ ገና ነበረች።

ሲሻለው ግራዝማች እያነከሰ ወጥቶ አገሩን ዋርካ ሥር ሰበሰበ። "ጓንጉል፣ በድዬሃለሁ። መሬት ልቁረጥልህ፣ በሬ ልስጥህ፤ ጠይቀኝ" አለው።

"መሬቱም በሬውም ይቅር፣ ግራዝማች። እኔ ደክሞኛል" አለ ጓንጉል። "የከበደኝ ሸክሙ አይደለም፣ ሟርቱ ነው። እሱን ተካፈሉኝ። ቃሬዛውን ወር ወር በየቤታችሁ አሳድሩልኝ። በሁሉም ቤት ካደረ የማንም ቤት ሟርተኛ አይባል፣ የማንም ልጅ አትቀር።"

አገሩ መሬት መሬት አየ። ለግራዝማች ቀላል ነበር፤ የሚዳር ሴት ልጅ የለውም። ሰው ሁሉ እሱን ሲጠብቅ እትዬ የሻረግ ተነሳች። ያልታጩ ሦስት ልጆች አሏት። ትልቋ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት፤ እናትየዋ ግን "ተይኝ" አለቻት። "ምላሴ ያወጣውን ትከሻዬ ያስገባው።"

የፊቱን እጀታ እሷ ያዘች፤ የኋላውን አንጓች ያዘች። ሁለቱ ተሸክመውት ሄዱ። ጓንጉል ቤቱ ገብቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛ፤ እስከ ማግሥቱ ረፋድ አልነቃም አሉ።

አንጓች ቶሎ አላገባችም፤ ሁለት ዓመት ጨምራለች። ግን አገባች፣ ወለደችም። ሊያገባት የፈለገው ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች ቃሬዛው የት እንዳለ ሲጠይቁ፣ አገሩ በአንድ አፍ፣ ሁላችንም ቤት ነው አላቸው።

እስከ ዛሬ በወይራ ገደል ቃሬዛው ወር በገባ ቁጥር ከቤት ቤት ይዞራል። እንጨቱ ስንቴ ተለውጧል። የሚያዞሩትም ሴቶች ናቸው። ኀዘኗን ለብቻዋ ይዛ የምትጎብጥ ሴት ካዩ፣ ወር አውጪለት እንጂ፣ እኛም በተራችን እንያዝልሽ ይሏታል። ቃሬዛው ሲደርስ ተረኛዋ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ እጀታውን ትቀበልና፣ "ጓንጉል ይረፍ" ትላለች። ሌላ ነገር አትልም።