ስቀይው የተባለችው ባልቴት

ቢሻው የሚባል ገበሬ በድንበር ጠብ የአንዲት ባልቴት አንድያ ልጅ ገደለ። በአገሩ ደንብ ገዳይን የሚሰቅለው የሟች ዘመድ ነውና፣ የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ደምስ ሕዝቡን ሰብስበው ገመዱን ለእሷ ሰጧት።

«በይ ስቀይው! የሰው ነፍስ ክቡር መሆኑን አገር ይወቅ!»

«እኔስ አልሰቅልም፣ ጌታዬ።»

«ሕግ ነው! እምቢ ካልሽ ከርስትሽ እነቅልሻለሁ!»

«ሕጉ ይህን ያህል ከጣፈጠዎ፣ እንኩ፣ ገመዱን እርስዎ ይሳቡት።»

ፊታውራሪ ደንግጠው እጃቸውን ካባቸው ውስጥ ሸጎጡ። «እኔ? እጄን በሰው ደም ላርክስ?»

«አዬ ጌታዬ! እርስዎ ሲያደርጉት ርኩሰት፣ እኔ ሳደርገው ሕግ ሊሆን ነው? ይልቅ ሰውዬውን ይስጡኝ፤ ልጄ ጀምሮት የቀረ እርሻ አለኝ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪም አፍረው «ውሰጂው» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ባልቴቷ የልጇን በሬዎች ጠምዳ ቢሻውን እርፍ አስያዘችው፤ ከኋላው እየተከተለችም «ጠለቅ አድርገህ እረስ፣ አንተ ገዳይ!» ትለው ጀመር።