በቀኑ ያልጮኸው ሰዓት

አንዲት ረድኤት የምትባል ሰዓት ሠሪ ነበረች። ሰዓት ሠሪ ስላችሁ አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ ጥቃቅን ብሎን የሚፈታ ሰው እንዳይታያችሁ። ረድኤት ብሎን ፈትታ አታውቅም። የእሷ ሰዓት ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ነው፤ የሥራ ቦታዋም አንዲት የኪራይ ክፍል ናት።

ነገሩ የጀመረው በንዴት ነው። ስልክ ሁሉ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የአገሯ ሰው ግን ከንጋት ይቆጥራል። ስለዚህ ማንቂያ ለመሙላት የፈለገ ሁሉ ስድስት ሲደምር፣ ስድስት ሲቀንስ ይኖራል፤ አንዳንዱም እየተሳሳተ በቀጠሮው ያፍራል። «ለምን ሰው ለስልኩ ይደምራል? ስልኩ ለሰው ይደምር እንጂ!» አለች ረድኤት። አለችና ሠራችው። «ንጋት» ብላም ስም አወጣችለት። ሰው ወደደው፤ አንዱ ለሌላው እየነገረ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ። እንዲያውም አንድ ስልክ አስመጪ ነጋዴ በሚሸጠው ስልክ ሁሉ ላይ አስቀድሞ ሊጭነው ተስማማ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። አብሯት የሚሠራው ባሮክ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ሰው ስልካቸውን ጨብጠው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። አቶ ስንሻው ይባላሉ፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

«ይህን ሰዓት የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምነው ጋሼ?»

«ከእንጀራዬ አፈናቀልሽኝ!»

ወንበር ሰጥታ፣ ውኃ ቀድታ አረጋጋቻቸውና ነገሩን ሰማች። አቶ ስንሻው እሑድ ጎህ ሳይቀድ መንገደኛ ጭነው መነሳት ነበረባቸው። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ማንቂያውን «ቅዳሜ፣ ሌሊት ዐሥር ሰዓት» ብለው ሞሉ። ቅዳሜ ውለው፣ ቅዳሜ አምሽተው፣ ቅዳሜ ሌሊት ሊነሱ። ሰዓቱ ግን አንድ ሌሊት ቀድሞ፣ ገና ዓርብ ለቅዳሜ ሊነጋ ሲል ጮኸ። «ይሄስ አብዷል፤ በቀኑ ደግሞ ይጮኻል» ብለው ዘጉትና ተኙ። እውነተኛው ሌሊት ሲመጣ ሰዓቱ ዝም አለ። መንገደኛው ጓዙን እንደያዘ መናኸሪያ ቆሞ ቀረ፤ የአውቶቡሱ ባለቤትም ቁልፉን ነጠቋቸው።

ረድኤት ክው አለች። ጥፋቷ ወዲያው ገባት። ሰዓቱን ከንጋት እንዲቆጥር አድርጋ ቀኑን ግን እንዳገኘችው ትታው ነበር። ስልኩ ገና እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀን ይቀይራል፤ ለአቶ ስንሻው ግን፣ ለራሷም ቢሆን፣ ሳይነጋ ቀን አይቀየርም። ስትሞክረው ሁልጊዜ የምትሞላው የጠዋት ሰዓት ስለነበር ስህተቱ አልታያትም። ግማሹን ሠርታ ጨረስኩ ብላ ኖሯል።

አቶ ስንሻው ከወጡ በኋላ ባሮክ ነገሩን ቀለል አድርጎ አየው።

«አንዲት ማሳሰቢያ እንጻፍበት። ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው እንበል። ሰው ይለምደዋል።»

«እኔ ስለሰነፍኩ ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ቀን ይቀይሩ?»

«ረድኤት፣ ነጋዴው እኮ አይጠብቅሽም!»

«አይጠብቀኝ። እያወቅሁ ሌላ ሰው ከመንገዱ አላስቀርም።»

በዚያው ዕለት «ንጋት»ን ከገበያ አወረደችው። በማግስቱ ደግሞ ወደ አውቶቡሱ ባለቤት፣ ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ሄደች።

«እትዬ፣ ጋሽ ስንሻው አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «የዘገየ ሾፌር ሁሉ ስልኩን ይከሳል። ስልኩ ላይ ያለውን የሠራ ሰው መጥቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል ግን ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉ። ቁልፉንም ለአቶ ስንሻው መለሱላቸው። «ከተደገመ ግን ማንንም አልሰማም» ብለው አስጠነቀቁ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ማንቂያውም፣ ማስታወሻውም፣ የቀን መቁጠሪያውም በእኩለ ሌሊት ላይ የተገነባ ስለነበር አንዱን ሲነኩት ሌላው ይናዳል። ባሮክ ተቆጣ፣ ለመነ፣ አኮረፈ፤ መጨረሻ ላይ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ነጋዴውም እንደተፈራው ከሌላ ጋር ተፈራረመ። ያን ዕለት ረድኤት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አዲሱ «ንጋት» ሲያልቅ በአቶ ስንሻው ስልክ ላይ በእጇ ጫነችው። በመጀመሪያው እሑድም ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ሄዳ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጮኸ?»

«ጮኸ። እኔ ግን ቀድሜ ነቅቼ አፍጥጬበት ነበር፤ ይጮህ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

ረድኤት አፈረች። ሰዓቱ ተጠግኗል፤ የሰውዬው እንቅልፍ ግን ገና ነው።

«እስከ መቼ እንዲህ ይሆናሉ?»

«እስካምንሽ ድረስ» አሏት፣ ሳይቆጡ።

በሚቀጥለው እሑድ መጣች፤ ከዚያም በኋላ መጣች። መልሱ ያው ነበር። ባሮክ «አሁን ምን ያመላልስሻል?» ቢላት አልሰማችውም። አንድ እሑድ ግን አቶ ስንሻው የትራሱ መስመር ጉንጫቸው ላይ እንደታተመ፣ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ በጥድፊያ መጡ።

«ኧረ ዛሬስ ይህ ሰዓትሽ ባይጮህ ኖሮ ቀርቼልሽ ነበር! ጭልጥ ብዬ ተኝቼ!»

ረድኤት እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

ወዳጆቼ፣ ግማሹን ሠርቶ «ሌላውን ሰው ይለምደዋል» ማለት የራስን ሸክም በሰው ጫንቃ ላይ መጫን ነው። የተበላሸ ሥራ ቁጭ ብለው ከሠሩበት ይስተካከላል። የሰው አመኔታ ግን የሚመለሰው ያጠፋው ሰው ሳይታክት ሲመላለስ ነው። ግንበኛም እንሁን መምህር፣ ሐኪምም እንሁን ሾፌር፣ የእያንዳንዳችንን ሥራ አምኖ ዓይኑን የሚከድን ሰው አለ። እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ የእኔን ሥራ አምኖ ዛሬ የሚተኛው ማን ነው? ተኝቶስ በሰዓቱ ይነቃል?