አባቴ፣ አይጎረብጥዎትም?

አንድ ሰውዬ መናኸሪያ ቆሞ መኪና ይጠብቃል። ጠዋት ነው፣ ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም። ሚኒባሱ አልሞላ ብሏል። ረዳቱ «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው» እያለ ይጣራል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ከየትም አይመጡም። ሰውዬው ወፍራም ካፖርት ለብሷል፣ ቦርሳውን በብብቱ ይዟል፣ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ትልቁ ከተማ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ አለ፤ የአምስት ሰዓቱ ተናጋሪ እሱ ነው። የተከበረ ሰው ነው፣ በሄደበት ሁሉ ወንበር ይለቀቅለታል።

እሱ እንደቆመ የወረዳው ሆስፒታል አምቡላንስ መጣ። መንገዱን ባጃጆች ዘግተውት ስለነበር ቀስ አለ። ሾፌሩ ደምሰው ይባላል፤ ሰርጉን የባረከለት ይኸው ሰውዬ ነው። አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አለው። ለሰላምታ ያህል ነው፣ ሌላ ነገር አላሰበም።

ሰውዬው በኋላው መስታወት ወደ ውስጥ ተመለከተ። ቃሬዛው ላይ የአራት ዓመት ልጅ ተኝታለች። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተደርጎላታል፣ ቱቦው ከኦክስጅኑ ሲሊንደር ይመጣል። የሳንባ ምች ነው። ሁለት ቀን ታክማ ስላልተሻላት ሪፈር ተጽፎላታል። ትልቁ ከተማ ያለው ሆስፒታል መተንፈሻ ማሽን አለው፣ ተደውሎ አልጋ ተይዞላታል። እናቷ እግሯን ይዛ ተቀምጣለች። ነርሷ ሲስተር አይናለም ደግሞ ራስጌዋ ላይ ናት፤ አንድ እጇ ቱቦው ላይ፣ ዓይኗ የልጅቱ ደረት ላይ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ በዚያ መስታወት ብታዩ ምን ይታያችሁ ነበር? ልጅቱ አትታያችሁም? እናትየዋ አትታያችሁም? ሰውዬው ያየው ወንበር ነው። ጋቢናው ባዶ እንደሆነ አየ።

«እኔም ወደዚያው ነኝ» አለ። ደምሰው ምን ይበል? የሰርጉ ባራኪ ነው። በሩን ከፈተለት። ሰውዬው ሊገባ እግሩን አነሳና አንድ ነገር ጠየቀ።

«መስኮቱ ይዘጋል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ወርዶ ቀርቷል፣ ከተበላሸ ሰንብቷል።»

«እንግዲያው እኔ ንፋስ አልችልም።»

አትሳቁ። ሳቃችሁን ሰምቻለሁ፣ ግን ከእናንተ መካከል ንፋስ የማይፈራ ማን አለ? እኛ አገር ንፋስ ያልመታው ሰው የለም። ወገቤን ያለው ሁሉ ንፋስ ነው፣ አንገቴን ያለው ሁሉ ንፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ በላብ እየተጠመቅን መስኮት ዝጉ እንላለን። ሰውዬውም እንደ እናንተ ነው።

ሲስተር አይናለም ይህን ሰማች። ካለችበት ተነሳች። «ኖር አባባ» አለችው። «በእግዜር ልጄ» አላት። «እርስዎ እዚህ ይሁኑ፣ እኔ ጋቢና እሆናለሁ። በመሃል መስኮት አለች፣ በእሷ አያታለሁ» አለች። ሰውዬው «ኧረ አይሆንም» አለ። አንድ ጊዜ። ይህቺን አንድ ጊዜ የምትባል «ኧረ አይሆንም» ታውቋታላችሁ። ከዚያ ገባና ነርሷ ከተነሳችበት ቦታ ተቀመጠ። ካፖርቱንም አላወለቀም።

ይኸውላችሁ፣ «ሰውዬው፣ ሰውዬው» እያልኩ የት እደርሳለሁ? እኔ ነኝ። ዛሬ እዚህ ስወጣ የሌላ ሰው አስመስዬ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፣ ቤት እያለሁም ተለማምጄዋለሁ። አልሆነልኝም። ካፖርቱም ይኸው የለበስኩት ነው።

ተነሳን። እናትየዋን ስሟን ጠየቅኋት፣ ብርቅነሽ አለችኝ። ልጅቱ እየሩስ ትባላለች። «አይዞሽ ልጄ» አልኳት፣ ጸለይኩላት። ጸሎቱ ረጅም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለማስተምረው ነገር ማሰብ ጀመርኩ፣ ዓይኔንም ከደን አደረግሁ። ከሥሬ አንድ ነገር ይሰማኛል፣ ቀጠን ያለ ነገር። የወንበሩ ስፌት መሰለኝ። ወንበሩም ያረጀ ነው ብዬ ተውኩት።

ትንሽ እንደሄድን ብርቅነሽ ጠራችኝ።

«አባቴ፣ አይጎረብጥዎትም?»

«የለም ልጄ፣ ተመችቶኛል» አልኳት።

ምን ዓይነት ጨዋ ሴት ናት አልኩ በልቤ። በዚህ ጭንቀቷ ውስጥ ሆና ስለ እኔ መቀመጫ ታስባለች። እንዲያውም ለትምህርቴ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች ብዬ ያዝኳት። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ጥቂት ቆይታ እንደገና ጠራችኝ። «አባቴ፣ እንዲያው ወደዚህ ጠጋ ቢሉ ይሻልዎት ነበር።»

«አንቺ ተመቻቺ፣ ለእኔ አታስቢ» አልኳት።

በሦስተኛው የካፖርቴን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። «እንዳይቆሽሽብዎት» አለች። እኔ ለካፖርቴ ያሰበች ስለመሰለኝ ካፖርቴን ሰብስቤ ይበልጥ ተደላደልኩበት።

ወገኖቼ፣ ይህቺ ሴት ምን እያየች እንደነበር ልንገራችሁ። ሲሊንደሩ ከእኔ በስተግራ ነው፣ ልጅቱ በስተቀኝ። ቱቦው በወንበሩ ላይ አልፎ ነው የሚሄደው። ሲስተር አይናለም በእጇ ይዛው የነበረውም ለዚህ ነው። ብርቅነሽ ቱቦው ካፖርቴ ሥር ሲገባ አይታለች። የሚያመጣውን ጣጣ እርግጠኛ አልነበረችም፣ ስለ ኦክስጅን ማን አስተምሯት? ግን የልጇን ከንፈር ታያለች። ከንፈሯ መልኩን እየለወጠ ነው። ሲስተር አይናለምም በመስኮቷ ዞር ዞር እያለች ታያለች፤ የሚታያት የእኔ ትከሻ ነው።

ታዲያ ለምን «ይነሱ» አላለችም? ልጇ እየታፈነች እናት ዝም ትላለች? ዝም አላለችም እኮ። ሦስት ጊዜ ተናገረች። በምታውቀው መንገድ፣ ለሽማግሌ እንደሚነገረው አድርጋ ተናገረች። እኛ «ተነስልኝ»ን እንዲህ አድርገን ነው የምንናገረው። «አይደክምዎትም?» እንላለን። «አይጎረብጥዎትም?» እንላለን። ሰሚው ይገባዋል ብለን እንጠብቃለን። እኔ ዕድሜ ልኬን በዚህ ቋንቋ ስናገር ኖሬያለሁ። ሌላው ሲናገረኝ ግን አልገባኝም፤ ስለ ምቾቴ የተጠየቅሁ መሰለኝ።

በአራተኛው አልጠየቀችኝም። «ተነስ!» አለችኝ።

«ተነስ» ነው ያለችኝ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ እንደ እኩያዋ። ይህን ቃል ከሰማሁ ሠላሳ ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። እኔስ ምን አደረግሁ? ተነሳሁ? አልተነሳሁም። ዓይኔን ገልጬ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «ምን አልሽኝ?» አልኳት። ቁጭ ብዬ ነው የጠየቅኋት። ልጅቱ ሥሬ ባለው ቱቦ ነው የምትተነፍሰው፣ እኔ «አንተ» ስለተባልኩ እከራከራለሁ።

ያን ጊዜ በሁለት እጇ ገፋችኝ። ከወንበሩ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ወለሉን መታ። ቱቦው ከሥሬ ወጣ፤ እንደ ጥብጣብ ተደፍጥጦ ነበር። ቀስ ብሎ ሲነፋ አየሁት።

ሲስተር አይናለም ስወድቅ አይታ መኪናውን አስቆመች። ከኋላ ዘልላ ገባች፣ በእጅ የሚጨመቀውን መተንፈሻ ልጅቱ ፊት ላይ አድርጋ ትጨምቅ ጀመር። ትጨምቃለች፣ ትቆጥራለች፣ ትጨምቃለች። በመጨረሻ የልጅቱ ደረት በራሱ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ሲስተር አይናለም ቀና ሳትል «አባባ፣ ጋቢና ይግቡ» አለችኝ።

የቀረውን መንገድ ጋቢና ሄድኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ንፋሱ ፊቴን ይመታኛል። ምንም አልሆንኩም። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አላበቃም።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንድ ወጣት ዶክተር ተቀበለን። ልጅቱን እያየ «መንገድ ላይ ምን ሆነች?» አለ። ሲስተር አይናለም «ቱቦው ለደቂቃዎች ታፍኖ ነበር» አለች። «እንዴት?» አለ። ቦታዋን የለቀቀችው እሷ ናት፣ እሷም አፍራለች። ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ቦርሳዬን ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ዶክተሩ ይህን የሚጠይቀው ለፍርድ አይደለም፣ ለሕክምናው ነው። ስንት ደቂቃ እንደቆየ ማወቅ አለበት። መልሱም ያለው እኔ ዘንድ ነው።

እኔ አፌን ሳልከፍት ብርቅነሽ ተናገረች። «እኔ ነኝ ዶክተር። ሳላየው ተቀምጬበት ነው።»

ዶክተሩ ተቆጣት። «እናት አይደለሽም እንዴ? ዓይንሽ ምን ላይ ነበር?» አላት።

ዓይኗ ምን ላይ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እኔ ላይ ነበር። ግን ዝም አልኩ። ሰዓቴን አየሁ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሹልክ ብዬ ወጣሁና ወደ ኮንፈረንሱ ሄድኩ። ምን አስተማርክ አትበሉኝ። በደንብ አስተማርኩ፣ ሰው አለቀሰ። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው፣ በደንብ ማስተማሬ።

እየሩስ አልሞተችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። ግራ እግሯን ግን ትጎትታለች። ዶክተሮቹ ከበሽታው ይሁን አየር ካጣችበት ደቂቃ መለየት አይቻልም ብለዋል። አይታወቅም። ሳይታወቅ ይኸው አራት ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

ከሆስፒታል እንደወጡ ብርቅነሽ ልጇን አዝላ ቤቴ መጣች። ሊከሰኝ የመጣ ሰው ይዛ ይሆናል ብዬ በመስኮት ተመለከትኩ። ብቻዋን ናት። ገብታ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች። «አባቴ፣ ያን ዕለት አንተ ብዬዎታለሁ። ተነስ ብዬዎታለሁ፣ በእጄም ገፍቼዎታለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ።

ምን አልኳት ይመስላችኋል?

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።

ሰምታችኋል? እኔ ነኝ ይቅር ያልኳት። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ መረቅኋት፣ ልጅቱን በጀርባዋ አስተካክላ ሄደች። ሚስቴ «ምን አድርጋህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተይው፣ ትንሽ ነገር ነው» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ደምሰውን አገኘሁት። የብርቅነሽን ሰፈር ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ሰምተዋል?» አለኝ። «የባሏ እናት እስከ ዛሬ ቡና አታጠጣትም አሉ። ልጅሽን አንቺ ነሽ ተቀምጠሽባት ያሰናከልሻት ትላታለች። ሰፈሩም እንደዚያው ነው የሚያወራው።» እሱም እውነቱን ያውቃል። እሱም «አባቴ፣ አይጎረብጥዎትም?» እያለኝ ነበር። በዚህኛው ገባኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «ብርቅነሽ ይሉኝታ ጎዳት» የምትሉ አላችሁ፣ ከፊታችሁ አነባለሁ። ይሉኝታውን ማን አስተማራት? እኛ ነን። ተነሱልን፣ ልቀቁልን፣ ዝቅ በሉልን ያልነው እኛ ነን። ሰው በጠራ ቃል ሲነግረን «ምን አልሽኝ?» የምንል እኛ ነን። ከዚያ ደግሞ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» እንላለን።

አንተ አባት፣ ልጅህ «አባዬ፣ ዛሬም ሥራ አለህ እንዴ?» ሲልህ ምን ማለቱ ነው? አንቺ እናት፣ የቤት ሠራተኛሽ «እትዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ስትልሽ ቀኑ ጠፍቷት ነው? አንተ አለቃ፣ አንተ ሽማግሌ፣ አንተ እንደ እኔ መድረክ የተሰጠህ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ድምፁን አለስልሶ ስንት ጊዜ ጠየቀህ? «ደህና ነው፣ ተመችቶኛል» ብለህ ስንቱን መለስክ? ከሥርህ የሚሰማህን ነገር የወንበር ስፌት ነው ብለህ ስንት ዓመት ተቀመጥክበት?

እኔ ረቡዕ ወደ ብርቅነሽ ሰፈር እሄዳለሁ። ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀኝ ብያለሁ። የባሏ እናት ባለችበት፣ ባሏ ባለበት፣ እየሩስም ባለችበት፣ የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ብርቅነሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅር አልልም ብትለኝ መብቷ ነው፣ ዝም ብዬ እመለሳለሁ። ለዚህ ጸልዩልኝ፣ እፈራለሁ። ወደዚያ ስሄድ ከንፋስ ይበልጥ የምፈራው ይህን ነው።

እናንተ ግን ረቡዕን አትጠብቁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው በለሰለሰ ድምፅ ይጠይቃችኋል። «ተመችቶኛል» ከማለታችሁ በፊት ብድግ በሉና የተቀመጣችሁበትን እዩ። በራሳችሁ ተነሱ። እኔ የተነሳሁት ተገፍቼ ነው።