ዝም አትበይ የተባለው ማሳ

ከጎሽ ሜዳ በታች፣ ድንጋዩ ከአፈሩ በሚበዛበት ቁልቁለት ላይ፣ ዝም አትበይ የሚባል የባቄላ ማሳ አለ። እንግዳ ሰው የስሙን ነገር ሲጠይቅ ያገሩ ሰው ይስቃል እንጂ ቶሎ አይመልስም፤ ታሪኩ አማቶችን ይነካላ።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ በዚያ አገር ሙሽራ በአማቷ ቤት ድምፅዋን ማሰማት ነውር ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ በሹክሹክታ ትከርማለች። ማንጠግቦሽ የመጣችው በዚህ ወግ ላይ ነው። መልከ መልካም፣ እጀ ፈጣን፣ ባሏን ደምሴን ከልቧ የምትወድ ልጅ ነበረች፤ ጉሮሮዋ ብቻ ጉድ ነው። ሻካራ ድምፅዋን ስትለቀው ዶሮዎች ከቆጥ ይወርዱ ነበር ይባላል፤ ካልዘፈነች ደግሞ እጇ ሥራ አይይዝላትም። አማቷ ወይዘሮ አሰገደች በሦስተኛው ቀን ቁርጡን ነገሯት።

«ዝም በይ። በዚህ ቤት ድምፅሽን ሁለተኛ ብሰማ አባትሽ ቤት እመልስሻለሁ።»

ማንጠግቦሽ ከደምሴ መለየትም፣ መዝፈን መተውም አልሆነላትም። ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ግን «በዚህ ቤት» የሚለው ላይ ደረሰች፤ ማሳ መቼም ቤት አይደለም። ማንም የማይመኘውን ያን ቁልቁለት ለምና ወሰደች፤ ባቄላ ዘርታ፣ እያረመች ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈነችለት። የደምሴን ጥርስ ሳይቀር አወድሳለታለች።

በዚያ ዓመት የወይዘሮ አሰገደች የጓሮ ባቄላ፣ ጥቁር አፈር ላይ ተዘርቶ ፍግ እየበላ፣ አበባውን አራገፈ። የማንጠግቦሽ ግን ደረት ደረሰ። ዝንጀሮውን በድምፅዋ ስላባረረች ነው የሚሉ አሉ፤ ዝንጀሮ አበባ ሲያራግፍ ያየ ግን የለም። የቤቱ የዓመት ሽሮ ተስፋው እዚያ ማሳ ላይ ብቻ ቀረ።

ነገር ግን ዘፈኑ ሽቅብ መንደር ደረሰ፤ ጎረቤት አሽሟጠጠ። ወይዘሮ አሰገደች አፈሩና ሙሽራዋን እሑድ የሚመልሱ ሽማግሌዎች ጠሩ። ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ ኀዘኑ ዘፈኗን አስተዋት፤ ሐሙስም ዓርብም ቅዳሜም ማሳው ላይ ድምፅ አልተሰማም።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ አሰገደች ሽማግሌዎቹን ሊቀበሉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ባቄላውን አዩት። ፍሬ ሊቋጥር የነበረው ሁሉ ቅጠሉን ጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ማንጠግቦሽም ጓዟን ጠቅልላ ዳር ላይ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ቀረቡ።

«አንቺ ልጅ፣ እባክሽ ዝም አትበይ» አሉ።

«እመይቴ፣ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ።»

«ይስሙ። ሽሮውን የምንበላው እኛ ነን።»

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ እያለቀሰች፣ ኋላ ግን ጉሮሮዋን ለቃ ዘፈነች። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ባቄላው ቀና አለ ይባላል።

ዛሬ የጎሽ ሜዳ ሰዎች ሽማግሌ ልከው ሴት ልጅ ሲያጩ፣ ከዘር ቆጠራው በፊት «ድምፅዋ እስከ የት ይሰማል?» ብለው ይጠይቃሉ። ባቄላ ሲያብብም አማት አዲሷን ሙሽራ እጇን ይዛ ወደ ማሳው ትወርዳለች፤ ዘፈኑን ቀድማ የምታወጣው አማትየዋ ናት፣ ሙሽራዋ ትቀበላለች። የሁለቱም ድምፅ ካላማረ ደግሞ እሰየው ይባላል።