ሁለተኛው ፍሬን

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር።»

ጋሽ ኃይለልዑል እንዲህ ብለው የጀመሩት ወጣቷ የስፖርት መምህርት እልፍነሽ ሜዳ ዳር አግኝታቸው ጥያቄ ስላቀረበችላቸው ነው። «ተማሪዎቼ በእጃቸው መቆም ሲለማመዱ እግራቸውን እይዝላቸዋለሁ። ስለቃቸው ይወድቃሉ። እስከ መቼ ልያዛቸው?» አለቻቸው። እሳቸው በዚያው ትምህርት ቤት ስፖርት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የተጠየቁትን በቀጥታ መመለስ ግን አይሆንላቸውም። ምሳሌውን ቀጠሉ።

የዚህ ሰው መኪና ሁለት ፍሬን ነበራት። አንዱ እንደ ማንኛውም መኪና ከሚነዳው ሰው እግር ሥር፣ ሌላው ከአሰልጣኙ እግር ሥር። ሰውየው ደግሞ እግረ ፈጣን ነው። ለማጁ ገና ሳይደነግጥ እሱ ቀድሞ ይረግጣታል። ለስለስ አድርጎ ስለሚረግጣት ለማጁ ራሱ ያቆማት ይመስለዋል። «ጎበዝ!» ይለዋል ደግሞ። በዚህ ዓይነት ስንቱን አሠለጠነ፤ መኪናዋን አንድ ጭረት እንኳ አልነካትም። «እኔ እያለሁ ማንም አይጋጭም» እያለ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። እውነቱን ነው፤ እሱ እያለ ማንም አልተጋጨም።

ችግሩ ፈተና ላይ ነበር። ፈታኙ አጠገባቸው ሲቀመጥ ሁለተኛውን ፍሬን አይነካም። የሰውየው ተማሪዎች ቁልቁለቱ ላይ መቆሚያውን መስመር እያለፉ ይወድቁ ጀመር። ሰውየው በገነ። «ፈታኙ ፊቱን እያጨፈገገባቸው ነው እንጂ እኔ ዘንድ እኮ ያቆማሉ» ይል ነበር።

ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ምጥ የያዛት ጎረቤታቸው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ ካየች ጀምሮ ምኞቷ አምቡላንስ መንዳት ነው። አባቷ አስለመዳት፣ ተፈተነች፣ ወደቀች። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያለ ተሳለቀበት።

ልጅቱ ግን ስታስብ ውላ፣ «አባዬ» አለችው፣ «ካንተ ጋር ስሆን መኪናዋ እሺ ብላ ትቆማለች። ከፈታኙ ጋር ስሆን እምቢ አለችኝ። ለመሆኑ ሲያቆማት የከረመው የማን እግር ነው?»

ሰውየው ቱግ አለ። «እግሬ ምን አደረገሽ? ገደል ስትገቢ ዝም ብዬ እንዳይሽ ነው የምትፈልጊው?»

«አይደለም አባዬ። በሽተኛ ጭኜ ስነዳ ግን አንተ አጠገቤ አትቀመጥም።»

ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ይጣላው ነበር፤ ልጁ ናት፣ ምን ያድርግ።

በማግስቱ ሰው የማያዘወትረውን የድሮውን ወፍጮ ቤት ቁልቁለት ያዙ። ታች የተዘጋ የብረት በር አለ። መሀል ላይ ሲደርሱ ሰውየው ቀበቶውን ነካ አድርጎ አረጋገጠ። ከዚያ ሁለቱንም እግሮቹን ከወለሉ አነሣና፣ መደብ ላይ እንደተቀመጠ ሰው፣ መቀመጫው ላይ አጣጠፋቸው። ልጅቱ አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ። በሩ እየቀረበ መጣ። የሰውየው እግር ካለ ፈቃዱ ፔዳሉን ፍለጋ ሊወርድ ሲል በሁለት እጁ ጠፍሮ ያዘው። «በስመ አብ!» አለ በሆዱ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ሞተሯ ጠፋ፣ ከበሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። የታጠፈው ጉልበቱም ፊት ለፊት ካለው ዳሽቦርድ ጋር ኳ ብሎ ተላተመ።

«ውይ አባዬ! ተጎዳህ?»

«ተዪኝ እስቲ! አንቺ ነሽ ያቆምሻት! አንቺ ነሽ!» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እየሳቀ።

እየተመላለሱ ያንን ቁልቁለት ወረዱት። ልጅቱም ፈተናውን አለፈች። ሰውየው እያነከሰ ሰነበተ። ምን ነካህ ብሎ ለጠየቀው ሁሉ፣ ላልጠየቀውም ጭምር፣ ሱሪውን ሰብስቦ የበለዘ ጉልበቱን ሜዳሊያ እንደሚያሳይ ሰው እያሳየ፣ «ልጄ ፍሬን ይዛ ነው!» ይል ነበር።

ጋሽ ኃይለልዑል እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ እልፍነሽ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ የተማሪዎችሽን እግር የያዘው እጅሽ ያ ሁለተኛው ፍሬን ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፤ በመጀመሪያው ቀን ያለ እሱ አይሆንም። ነገር ግን ልጁ በእጁ የቆመ ሲመስለው ያቆምሽው አንቺ ከሆንሽ፣ አታለልሽው እንጂ አላስተማርሽውም። ፍራሹን አንጥፊለት፣ አጠገቡ ሁኚ፣ እጅሽን ግን ወደ ኋላ አጣምሪው። መጀመሪያ ይወድቃል። አንቺም ልብሽ ይወድቃል፤ ቻዪው። ስትለቂው ደግሞ ክብርሽ የሚቀር እንዳይመስልሽ። ያ ሰው በዘመኑ ስንት ጊዜ ፍሬን ይዞ ስንት አደጋ አድኗል። እስከ ዛሬ በኩራት የሚያወራው ግን እሱ ስላላቆማት ስለዚያች አንዲት ጊዜ ብቻ ነው።»