የጓንጉል እንግዳ

ተረት ተረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ጮክ በሉ እንጂ! ተረት ተረት!

የላም በረት! እሰይ፣ እንዲህ ነው። አሁን ቀረብ ቀረብ በሉ። አንቺ፣ ያን ጭራሮ ወደ ውስጥ ግፊው። አንተ ደግሞ አትሳቅ፤ የዛሬው የሚያስቅ አይደለም። በመሃል ፈራሁ የሚል ካለ ከወዲሁ ይተኛ።

በድሮ ዘመን ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ። ሥራ የሚያውቅ፣ እርፍ ሲጨብጥ የሚያምርበት ሰው ነበር። ምን ያደርጋል፣ አረቄ ያዘው። በዓል ነው ብሎ ጠጣ፤ ለቅሶ ነው ብሎ ጠጣ፤ ኋላማ ማክሰኞ ነው ብሎ ጠጣ። በሬውን ሸጦ ጠጣው። ጋቢውን ሸጦ ጠጣው። ሚስቱ አንጓች ታገሰች፣ ታገሰችና አንድ ቀን ትንሿን ልጃቸውን እቴነሽን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። ቤቱ ጭር አለ።

ያን ጊዜ የመንደሩ ሰው ተሰበሰበና ጓንጉልን ደግፎ ጸበል ወሰደው። ከገደል ሥር የሚፈልቅ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ ጸበል ነው። እዚያ ከረመ። ተጠመቀ፣ አለቀሰ፣ ተንቀጠቀጠ። ከዚያም እጁ መንቀጥቀጡን ተወ። ክረምቱ ሲወጣ፦ «በቃ ድነሃል፣ ወደ አገርህ ግባ» አሉት። እሱም ተነሣና መጀመሪያ አማቱ ዘንድ ሄደ። ሚስቴንና ልጄን ስጡኝ አለ። አማቱ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው።

፦ የከርሞው አዝመራ ይግባና እሰጥሃለሁ አሉት። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ጠብታ ቀመሰ ሲሉ ብሰማ፣ ልጅህን ዳግመኛ በዓይንህ አታያትም። ሰማህ?

፦ ሰምቻለሁ፣ አባቴ።

ከዚያም ወደ ቤቱ ሄደ። ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሣሩ ደጃፉን ውጦታል። በሩን ገፋ አደረገና ገባ። ገባና ደርቆ ቀረ።

መደቡ ላይ ሰው ተቀምጧል።

መደብ ታውቁ የለ? ከግድግዳው ጋር በጭቃ የተሠራ መቀመጫ ነው። በዚያ ቤት ሌላ መቀመጫ አልተረፈም፤ በርጩማው ሳይቀር ተሸጧል። ሰውየው የጓንጉልን ጋቢ ለብሷል፤ ያን የሸጠውን። ዝናቡ ካባራ ሰንብቷል፤ የጋቢው ጫፍ ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ጠብ፣ ጠብ። ፊቱን ሲያዩት ደህና የሰው ፊት ነው። ዓይን ከሱ ላይ ሲነሣ ግን ምን ይመስል እንደነበር ይጠፋል።

፦ እንኳን ደህና መጣህ፣ ጓንጉሌ አለ ሰውየው። ድምፁ ለስላሳ ነው። ስጠብቅህ ከረምኩ።

፦ ማነህ አንተ?

፦ እንግዳ ሳያርፍ ማነህ ይባላል? ደግሞስ የጠራኸኝ አንተ አይደለህም? «ማንም ሁን ማን፣ ና አብረን እንጠጣ፣ ቤቴ ቤትህ ነው» ያልከኝን ረሳኸው?

ጓንጉል አልረሳም። ሰክሮ ሲመለስ መንገድ ላይ ቆሞ ለጨለማው እንዲህ እያለ ይጮህ ነበር። ለካስ የሚሰማ ነበር! ወይ ጉድ!

አያችሁ፣ በዚያ አገር እንግዳን ውጣ ማለት ነውር ነው። ጠላት እንኳ ቢሆን የበርህን ደፍ ካለፈ እንግዳህ ነው። ሌላም ወግ አላቸው። መጠጥ ሲቀዳ ባለቤት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው።

ሰውየው ከጋቢው ሥር ቅል አወጣ። የአረቄው ሽታ ቤቱን ሞላው።

፦ ቤትህ ባዶ መሆኑን ስለማውቅ ይዤ መጣሁ አለ። በል ቅመስልኝና ልጠጣ። ወጉ ነው።

ጓንጉል እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። እጁ ግን ተዘረጋ። አቤት አምላኬ! የገዛ እጁ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ተዘረጋ!

ልክ ያን ጊዜ ጎረቤቱ አያ ድንቁ ገባ። አያ ድንቁ ሸማኔ ነው፤ ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ፣ ደግ ሰው ነው። የንፍሮ ሰሃን ይዟል።

፦ ጓንጉሌ! እንኳን ለቤትህ አበቃህ! ስሮጥ መጥቼ እግሬ አለቀ፣ እስቲ ልረፍ አለና ቀጥ ብሎ ሄዶ መደቡ ላይ ዘጭ አለ። ሰውየው በተቀመጠበት ላይ!

ጓንጉል ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው አያ ድንቁ ብቻ ነው ያለው።

፦ ኤዲያ! መደብህ ርሷል እኮ! ጣራህ ያፈሳል እንዴ? አለ አያ ድንቁ መቀመጫውን እየዳሰሰ።

ምን ያስቃችኋል? ጓንጉል አልሳቀም። እያለቀሰ ያየውን ሁሉ ነገረው። አያ ድንቁ ደግሞ አፉ ወሬ አይቋጥርም። ሲነጋ መንደሩ በሙሉ ሰማ።

በማግስቱ እትዬ ማንጠግቦሽ መጣች። አረቄ ሻጯ ማለት ናት። ለጓንጉል ስትቀዳለት የኖረችው እሷ ናት። ለመግባት አፍራ በሩ ላይ ቆመች።

፦ የረጠበ ጋቢ ለብሷል? አለችው።

፦ አዎን።

፦ ፊቱ አይያዝም?

፦ አይያዝም። አንቺ በምን አወቅሽ?

፦ ሁልጊዜ ካጠገብህ ይቀመጥ ነበር እኮ! ወንድምህ መስሎኝ ለሁለት ነበር የምቀዳው።

ጓንጉል እዚያው ተቀመጠ። እትዬ ማንጠግቦሽም አለቀሰች። አለቀሰችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ፦ «ስማኝ» አለችው።

፦ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ያ ሰው ቆሞ አይጠጣም። በገበያ ቀን ቤቴ ሲሞላ በር ላይ ቆሞ መቀመጫ ያያል፤ ካጣ ይሄዳል። ይህ መደብ አመሻሹ ላይ ባዶ መገኘት የለበትም። አንተ ብቻህን አትችለውም። እኛ አለን።

የዚያ አገር ሰው ወንፈል ያውቃል። ዛሬ ያንተን ማሳ አርሰን፣ ነገ የኔን እናርሳለን የሚባባሉበት ነው። እንግዲህ የጓንጉልን መደብ በወንፈል ተቀመጡበት። አንድ ቀን አያ ድንቁ ክሩን እያጠነጠነ ይቀመጣል። አንድ ቀን እትዬ ማንጠግቦሽ ምስሯን ትለቅማለች። እሷም አረቄ ማውጣቱን ትታ እህል ወደ መነገድ ገብታለች። ሌላ ቀን ጎረምሶቹ ገበጣ ይጫወታሉ። ቀን ቀን ደግሞ አንዱ በሬ ያውሰዋል፣ አንዱ ዘር ይሰጠዋል። ጓንጉል አረሰ፣ ዘራ፣ አረመ። ፊቱ መለስ አለ።

ያ ሰውም አልቀረም። ዶሮዎች ሊሰፍሩ ሲሉ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል። ከዚያም ደጃፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያም ያ ለስላሳ ድምፅ፦

፦ ቤቶች! መቀመጫ አለ?

ማንም አይመልስም። ማንም ዞሮ አያይም። አያ ድንቁ ክሩን ያጠነጥናል። ሰውየው ይቆማል፣ ይቆማል፤ ከዚያ ጠብ ጠብ እያለ ይሄዳል። ጠዋት ደፉ ርሶ ይገኛል። ፀሐይ ስትወጣበትም ቶሎ አይደርቅም።

አዝመራው ገባ። አማቱ ቃላቸውን ጠበቁ። አንጓች መጣች፤ እቴነሽም መጣች። ልጅቷ አድጋለች። ጨዋ፣ ታዛዥ፣ ትልቅ ሰው ስታይ ብድግ የምትል ሆናለች። እንዳትፈራ ብለው ግን የዚያን ሰው ነገር አልነገሯትም፤ አመሻሹ ላይ ጓዳ ያስገቧት ነበር። ጓንጉል ሌሊት እየተነሣ የተኙትን ያያቸው ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ታዲያ ሰው ደስታ ሲበዛበት ምን ይሆናል? ይኩራራል! ገበያ ላይ አንዱ ባለጌ፦ «ጓንጉል፣ ዛሬ ተረኛ ሞግዚትህ ማን ናት?» ብሎ ሳቀበት። ነገሩ ከነከነው። ውስጡ ገባ። ማታ አያ ድንቁ ክሩን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ጠበቀው።

፦ አያ ድንቁ፣ በቃ። ሚስቴም ልጄም ገብተዋል። ወንድ ነኝ፤ የሚጠብቀኝ አያሻኝም።

፦ ምነው ወንድሜ፣ ምን አስቀየምንህ?

፦ በቃ አልኩ እኮ! ለሌሎቹም ንገራቸው።

አያ ድንቁ ቅር ብሎት ሄደ። አንጓች ይህን አልሰማችም፤ አራስ ልትጠይቅ ወጥታለች። ጓንጉልም ወደ ጓሮ ዞረና ቀንበሩን ይጠርብ ጀመር። ዶሮዎቹ ሰፈሩ። ከቤት ውስጥ የእቴነሽን ድምፅ ሰማ።

፦ አለ እንጂ፣ ይግቡ! ይቀመጡ!

ምን ታድርግ? ማን ይቆጣታል? እንግዳ በር ላይ ቆሞ መቀመጫ አለ ሲል፣ የጨዋ ልጅ ሌላ ምን ትላለች?

ጓንጉል መጥረቢያውን ጥሎ ሮጠ። ሲገባ ሰውየው መደቡ ላይ ተንሰራፍቷል። ጋቢው ያንጠባጥባል። እቴነሽ ፊቱ ቆማለች።

፦ እንዴት ያለች ልጅ አሳድገሃል! አለ ሰውየው። ባለቤት አልቀምስ ካለ የቤት ልጅ ትቀምሳለች። ነይ የኔ ቆንጆ፣ መዳፍሽን አምጪ።

እሷም ወግ ታውቃለችና መዳፏን ዘረጋች። ከቅሉ ጠብ አደረገላት። እጇን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል፦

፦ ተዋት! እኔ ልቅመስ! አለ ጓንጉል።

ሰውየው ፈገግ አለ። የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ጓንጉል ተንበረከከና የልጁን እጅ ያዘ። ሊጠርገው ነበር። እውነቴን ነው፣ ሊጠርገው ነበር። ግን ሽታው መጣበት። ምራቁ አፉን ሞላው። አንገቱ ጎነበሰ። እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚጎነብሰው ብሎ ሊያቆመው ቢሞክር፣ አንገቱ አልሰማ አለው። ከንፈሩ የልጁን ጣት ነካ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በጸበሉም ቀን አልፈራም።

፦ አባዬ፣ ምነው? አለች እቴነሽ።

በዚያ አገር ወንድ ሰው ቤቱ ካልተቃጠለ፣ ጅብ በረቱን ካልሰበረ ኡኡ አይልም። ለጠብታ አረቄ የጮኸ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ጓንጉል ግን ያን ሁሉ ኩራቱን ጣለውና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

፦ የሰው ያለህ! የሰው ያለህ! ልጠጣ ነው! ድረሱልኝ፣ ልጠጣ ነው!

መንደሩ ተናወጠ። ዱላ የያዘ በዱላው፣ ያልያዘ በባዶ እጁ ሮጠ። አያ ድንቁ ኩርፊያውን ረስቶ እያለከለከ ገባና መደቡ ላይ ዘጭ አለ። ጎረምሶቹ ካጠገቡ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ መሬት ተቀመጡ። ሴቶቹ ምድጃውን ከበቡ። አንዱማ ወፍጮው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ሰውየው በመሃል ቆሞ ወዲህ ሲሉት ወዲያ፣ ወዲያ ሲሉት ወዲህ ሆነ።

፦ ኧረ ቀስ! ኧረ ቀስ በሉ፣ እንግዳ ነኝ እኮ! ይላል በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

ማንም አልመለሰለትም፤ ማንም አላየውም። እየተገፋ፣ እየተገፋ ደፉ ጋ ደረሰ። ከዚያም ወጣ።

እትዬ ማንጠግቦሽ የልጅቷን መዳፍ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ደግማ በውሃ አጠበችው። ጓንጉል እንደተንበረከከ ነው።

አንጓችም ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። ሰዉ አሳለፋት። ጓንጉል ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

፦ ጎንብሼ ነበር፣ አንጓች አለ። ከንፈሬ ደርሶ ነበር። እንዳይመጡ የከለከልኳቸውም እኔ ነኝ። ሂጂ፣ ለአባትሽ ንገሪያቸው።

አንጓች ብዙ አየችው። ልጇን አየች። ሰዉን ሁሉ አየች። ከዚያም ወደ መደቡ ሄደችና፦ «አያ ድንቁ፣ እስቲ ተነሥልኝ» አለች። ተነሣላት። እሷም ያ ውሃ ባንጠባጠበበት ላይ ቁጭ አለች። ብርዱ ዘገነናት፤ አልተነሣችም። እቴነሽን ጎተተችና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

፦ አባቴ የሚጠጣ ባል ነው የከለከሉኝ አለች። የሚጮህ ባል አልከለከሉኝም። የዛሬው ተራ የኔ ነው። ነገ የማን ነው?

፦ የኔ ነው! አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ያን ጊዜ ነው ጓንጉል እንደ ሕፃን ያለቀሰው።

ያ ሰውስ አላችሁ? እሱማ አልሞተም። ያ ጋቢ አልደረቀም። አሁንም አመሻሹ ላይ ደጅ ለደጅ እየዞረ መቀመጫ አለ ይላል። በዚያ አገር ግን «ልጠጣ ነው!» የሚል ጩኸት ሲሰማ የሚስቅ የለም። ገበሬው በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ ይሮጣል።

በሉ፣ የኔ አለቀ። ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ትኩሱን አምጡ፤ የትናንቱን ደረቅ ለዚህ ጥርሴ እንዳታቀርቡ! ማወራረጃው ውሃ ይሁን፤ ዛሬ ሌላ ነገር አላማረኝም።